የ«ናይስ» መሳቢያ

ሬሳውን ያገኘችው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። ጠዋት የካርድ ክፍሉን ስትከፍት ዋና አዘጋጁ ከወደቀው መሰላል ጎን በግንባሩ ተደፍቶ አየችውና ኡኡ አለች። እኔና ሳጅኑ ስንደርስ የቤቱ ምሁራን በር ላይ ተኮልኩለው ይከራከራሉ። ሰው ሞቶ ምን የሚያከራክር ነገር ተገኘ ብዬ ጆሮዬን ብጥል፣ ጭቅጭቁ በሐዘን መግለጫው ላይ «ሊቅ» ይባል ወይስ «ታላቅ ሊቅ» በሚለው ነው። ሬሳው ገና አልተነሣም።

«ዞር በሉ፤ ለታላቁ ሊቅ አየር ስጡት» አልኳቸውና ገባሁ።

ቤቱ መዝገበ ቃላት የሚዘጋጅበት ቤት ነው። ተራ መዝገበ ቃላት እንዳይመስላችሁ። አፋችን ላይ የተለመዱ የእንግሊዝኛ ቃላት ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ምን ማለት እንደነበሩ፣ እንዴትስ ይባሉ እንደነበር እየለቀሙ በአማርኛ መፍታት ነው ሥራቸው። «ዲር» ዛሬ አጋዘን ነው፤ ድሮ ግን ማንኛውም አውሬ ነበር። «ሚት» ዛሬ ሥጋ ነው፤ ድሮ የሚበላ ነገር ሁሉ። «ገርል» ዛሬ ሴት ልጅ ናት፤ ድሮ ወንዱም «ገርል» ይባል ነበር። ሃያ ምናምን ዓመት እንዲህ ሲሉ ኖረው ገና ግማሹ ላይ ናቸው። እኔ ሌባ ሳባርር የጫማዬ ሶል ያልቃል፤ እነሱ ደግሞ ለዚህ ደመወዝ ይበላሉ።

የካርድ ክፍሉ ከወለል እስከ ጣሪያ ትንንሽ የእንጨት መሳቢያ ነው። ብዙ ትርጉም ያለፈበት ቃል ለብቻው አንድ መሳቢያ ይሰጠዋል። በእያንዳንዱ ካርድ ላይ አንድ ትርጉምና ከጥንት መጽሐፍ የተቀዳ አንድ ዓረፍተ ነገር ተጽፏል። መሳቢያዎቹ ሁሉ በየቦታቸው ገብተዋል፤ ከሬሳውና ከመሰላሉ በቀር ከቦታው የወጣ ነገር የለም።

«ወድቆ ነው» አለ ሳጅኑ። «ወጣ፣ ተንሸራተተ፣ አለቀ። ቶሎ ጽፈን ብንሄድ ለምሳ እንደርሳለን።»

ሐኪሙ ግን ምሳችንን አበላሸው። ቁስሉን አገላብጦ አይቶ፣ «ወለል እንዲህ አይፈነክትም» አለኝ። «ከኋላ ነው የተመታው፤ በጠባብ፣ ማዕዘን ባለው ነገር። እንጨት ሳይሆን አይቀርም። የሞተውም ትናንት አመሻሽ ላይ ነው።»

መጀመሪያ ያነጋገርኩት ምክትል አዘጋጁን ነው። ሽቶው ከእሱ በፊት ሰላም ይላል። ወንበሩ ላይ ተዘርፍጦ ክራቫቱን እያስተካከለ፣ ዋናው አዘጋጅ ስለሞተበት ሳይሆን የዋናው አዘጋጅ ቢሮ ስንት መስኮት እንዳለው የሚያስብ ይመስላል።

«ትናንት አመሻሽ ላይ የት ነበሩ?»

«በከተማው አዳራሽ ንግግር ሳደርግ ነበር። ስለ ጥንታዊ ቃላት ክብር።»

ሳጅኑ እንግሊዝኛ የሚችል መሆኑን ማሳየት ፈለገ መሰለኝ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሰር፣ አይ አክስ ዩ…»

ምክትሉ ከት ብሎ ሳቀ። «አስክ! አስክ ነው የሚባለው፣ ወንድሜ። ካልቻልክ በአማርኛ ጠይቀኝ።»

«የሳጅኑ ነው የቆየው» አለች አንዲት ሴት ከጥግ። በወረቀት ክምር ተሸፍና ስለነበር መኖሯንም አላወቅሁም ነበር። «ሰዎች ሺህ ዓመት ሙሉ ‹አክስ› ብለዋል። ምክትል አዘጋጅ ሆነህ ይህን አለማወቅህ ግን አይገርመኝም።»

ሳጅኑ ቀኑን ሙሉ ደረቱን ነፍቶ ዋለ። ሴትየዋ የቤቱ ከፍተኛ አዘጋጅ ነች፤ ሠራተኞቹ «እትዬ ጥንት» ይሏታል። ፀጉሯ አመድ የመሰለ፣ አንገቷ ቀጥ ያለ፣ ሰው ስታይ የፊደል ስህተት የምትፈልግ የምትመስል ሴት ናት።

«ከሟቹ ጋር እንዴት ነበራችሁ?» አልኳት።

«አስተማሪዬ ነበር። ይህን ሥራ አብረን ነው የጀመርነው።»

«ትናንት አመሻሽ ላይ?»

«ቤቴ። ብቻዬን። ብቻውን የሚኖር ሰው ወዴት ይሄዳል?»

ከዚያ ሳልጠይቃት ስለ ሥራው ታስተምረኝ ጀመር። በዚህ ቤት የቃሉ ጥንታዊ ትርጉም ይቀድማል፤ ሌላው በየዕድሜው ይከተላል፤ የዛሬው መጨረሻ ይሆናል። ሕጉን ሟቹ አወጣው፣ እሷ ጠበቀችው። አላለቀሰችም። ግን እዚያ ቤት ከጽዳት ሠራተኛዋ በቀር ያለቀሰ ሰው አላየሁም።

ስወጣ ምክትሉ ኮሪደር ላይ ተከተለኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔ ሰው ማማት አልወድም» አለ። ሰው ማማት የማይወድ ሁሉ እንዲህ ብሎ ነው የሚጀምረው። «ግን ታይፒስቱን ጠይቁት። የሟቹ የእህት ልጅ ነው። ትናንት ከሰዓት ተጣልተው ‹አንድ ቀን በዚህ መሳቢያ አናትህን ባልፈነክተው!› ሲለው ቤቱ ሁሉ ሰምቷል።»

ቤቱ ሁሉ ሰምቶ ነበር። ዘበኛውም ሌሎቹ መቼ እንደወጡ ልብ ባይልም፣ ልጁ ከሥራ ከወጣ በኋላ አመሻሽ ላይ ተመልሶ ሲገባና ወዲያው ሲወጣ አይቶታል። ታይፒስቱን ባገኘሁት ጊዜ ዓይኑ አብጦ፣ ሸሚዙ ተጨማዶ፣ «ይቅርታ ልጠይቀው ተመልሼ ነበር፤ ደረጃው ላይ ወኔ ከዳኝና ሳላገኘው ወጣሁ» አለኝ። አጎቱ የሰጠውን እንጀራ እየበላ አጎቱን የሚሳደብ የዛሬ ልጅ ነው ብዬ ናቅሁት። በገዛ እጄ ካቴና አጠለቅሁለት።

ጣቢያ ስንደርስ እናቱ ቀድመውን መጥተዋል። የሟቹ እህት ናቸው። ኮማንደሩ ቢሮ በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው አገኘኋቸው።

«ወንድሜ አስከሬን ክፍል ነው» አሉኝ። «ልጄ ደግሞ እናንተ ጋ። እኔ ወዴት ልሂድ?»

ኮማንደሩ ለሁሉም ጥያቄ መልስ አለው። ወደ ቢሮው ጠርቶ፣ «በቃ ተጠናቀቀ» አለኝ። «ነገ ጠዋት ዐቃቤ ሕግ ጋ ይቀርባል፤ በግድያ ይከሰሳል። ለጋዜጠኞች ነግሬያለሁ።»

ኮማንደራችን መጀመሪያ ለጋዜጠኛ ይናገራል፤ ቀጥሎ ወንጀሉን ይመረምራል። እንዲህ ነው ኮማንደር የሆነው።

«ምክትሉን ገና አላጣራሁም።»

«እስከ ነገ ጠዋት አጣሪ።»

እውነቱን ለመናገር ምክትሉ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። ወደ አዳራሹ ስሄድ ካቴናውን ኪሴ ውስጥ እየዳሰስኩ ነው። የአዳራሹ ዘበኛ ፎቶውን አይቶ ወዲያው ለየው።

«መጥተዋል። ሰው ግን አልመጣም።»

«አንድም?»

«አንድም። ትንሽ ቆዩና መድረኩ ላይ ወጥተው ንግግራቸውን አደረጉ።»

«ለማን?»

«ለወንበሮቹ። እኔ ለመዝጋት በር ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ እሳቸው እጃቸውን እያወናጨፉ እስኪመሽ ድረስ ተናገሩ። ሲጨርሱ ለጥያቄ ጊዜ ሰጡ።»

ሳጅኑ ሳቁን መያዝ አቅቶት ወደ ውጭ ሮጠ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ከሳቁ በኋላ የቀረኝ ያው ልጁ ብቻ ነበር። ለባዶ አዳራሽ ሲያወራ ያመሸ ሰው በዚያው ሰዓት ሌላ ቦታ ሰው አይገድልም።

ወደ ካርድ ክፍሉ ተመለስን። ሐኪሙ ማዕዘን ያለው እንጨት ብሏል፤ ክፍሉ ደግሞ ሌላ እንጨት የለውም። እኔ ከግራ፣ ሳጅኑ ከቀኝ ጀምረን መሳቢያዎቹን አንድ በአንድ መጎተት ያዝን። ሁሉም በቅባት የታሹ ይመስል ሸርተት እያሉ ይወጣሉ። በወገባችን ቁመት ላይ ያለው አንዱ ግን ሳጅኑ ሲስበው ተቸነከረ።

«ይሄ እምቢ አለ።»

እንጨት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል። እየነቀነቅን አወጣነው። የኋላ ማዕዘኑ በውኃ ተፈትጎ ከሌላው ገጽ ነጥቷል፤ ስንጥቁ ውስጥ ግን ውኃው ያልደረሰበት ጥቁር ነገር ቀርቷል። ደም ነው። መሳቢያው ላይ «ናይስ» የሚል ተለጥፏል። መሰላሉ ደግሞ ለማታለል የተጋደመ ነው፤ በወገብ ቁመት ላለ መሳቢያ ማንም መሰላል አይወጣም።

በግኝቴ ተኩራርቼ ለኮማንደሩ ደወልኩ። ኩራቴ ብዙ አልቆየም።

«በመሳቢያ እፈነክትሃለሁ አለ፤ በመሳቢያ ተፈነከተ» አለኝ። «ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ? በርቺ።» ስልኩን ዘጋው። ልጁን ላድን ሄጄ ገመዱን አጠበቅሁበት።

በንዴት ካርዶቹን ጠረጴዛ ላይ እንደ ተራቸው ዘረጋኋቸው። ያኔ ነው ያየሁት። የፊተኛው ካርድ ጠርዝ ላይ ከሰሊጥ ያነሰች የደም ጠብታ አለች። ቀጥለው ያሉት ንጹሕ ናቸው። መካከል ላይ ሌላ ጠብታ የነካው ካርድ፣ እንደገና ንጹሕ፣ እንደገና ሁለት የተረጩ። ካርዶቹ እንዲህ ጥርስ ገጥመው መሳቢያ ውስጥ ቢሆኑ ኖሮ ደሙ ላያቸውን ብቻ ነበር የሚነካው። ሰውየው ሲመታ ካርዶቹ ወለሉ ላይ ተበትነዋል፤ ደሙ የነካው የነካውን ነክቶ ሌላውን ትቷል። ከዚያ አንድ ሰው ለቅሟቸው መልሶ ደርድሯቸዋል። ሬሳው አጠገቡ ተዘርግቶ!

እኔ ብዙ ነፍሰ ገዳይ አይቻለሁ። አንዱ ይሮጣል፣ አንዱ ያለቅሳል፣ አንዱ የሟቹን ኪስ ይፈትሻል። ካርድ የሚደረድር ግን አይቼ አላውቅም።

የካርዶቹን ጽሑፍ በየወረቀቱ ቀድቼ ልጁ ወደታሰረበት ክፍል ገባሁ።

«አጎትህ የ‹ናይስ›ን መሳቢያ በመጨረሻው ቀን ነክቶት ነበር?»

«አዎ፤ ከሰዓት በኋላ ገለበጠው። ‹ደስ የሚል› የሚለውን ከፊት አደረገ፣ ‹ሞኝ፣ አላዋቂ› የሚለውን መጨረሻ። እኔም እንደዚያው ተየብኩት። የተጣላነውም በዚሁ ነው።»

«በካርድ?»

«ሁሉም መሳቢያ ሊገለበጥ ነው፤ የተየብከውን ሁሉ እንደገና ትተይባለህ አለኝ። እንግዲያው ሥራ ልልቀቅ አልኩት። ከእኔ ሌላ ማን ይቀጥርሃል ብሎ ሳቀብኝ። ተናደድኩና ያን የማይረባ ነገር ተናገርኩ።» አንገቱን ደፋ። «እንዲህ ብዬው ሞተ።»

እኔ ባገኘሁት መሳቢያ ግን «ሞኝ» ከፊት፣ «ደስ የሚል» መጨረሻ ነው ያለው። እንግዲህ ከልጁ በኋላ የመጣ ሰው መልሶታል። ወረቀቶቹን አደባልቄ ሰጠሁት።

«ከጥንታዊው እስከ ዛሬው ደርድርልኝ።»

«ሞኝ» መጀመሪያ እንደሆነ አጎቱ ሲናገር ሰምቷል። ከዚያ በኋላ ያሉትን ግን፣ «ልቅ»ን፣ «ዓይን አፋር»ን፣ «ነገር የሚያመነዥክ»ን፣ «ጥቃቅኑን የሚለይ»ን፣ ወዲያ ወዲህ ሲገፋ ቆይቶ እጁን አነሣ።

«ካርዱ ላይ ዓመት አይጻፍም» አለ። «ዓመቱ የሚገባው ለኅትመት ሲዘጋጅ ነው። እስከዚያ በጭንቅላታቸው ነው የሚይዙት፤ የሚኮሩትም በዚህ ነው።»

«ማን ማን ነው የሚያውቀው?»

«ሁሉም እናውቃለን ነው የሚሉት፣ ኢንስፔክተር።»

በማግሥቱ ማለዳ ምሁራኑን ሁሉ ካርድ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰብኳቸው። ኮማንደሩ ልጁን ለመላክ መኪና አዝዟል። ጊዜ ስለሌለኝ ሰበብ አላበዛሁም። ቀድቼ ያመጣኋቸውን ወረቀቶች መጀመሪያ ለምክትሉ ሰጥቼ እንዲደረድር ጠየቅሁት። «ሞኝ»ን ካስቀመጠ በኋላ ላብ አጠመቀው።

«ትልቁን መጽሐፍ ላምጣና…»

«ያለ መጽሐፍ።»

«እመቤቴ፣ ይህ የታይፒስት ሥራ ነው» አለና ወረቀቶቹን እንደ ቆሻሻ ጠረጴዛው ላይ ጣላቸው። ስለ ጥንታዊ ቃላት ክብር ለወንበሮች የተናገረው ይህ ሰው ነው። ሌሎቹም ተራ በተራ ሞከሩ፤ አንዱ ሳል ያዘው፣ አንዱ መነጽሩን ረሳ። ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ አንዱ ሌላው ያውቃል እያለ ኖሯል።

እትዬ ጥንት መስኮቱ ጋ ቆማ ነበር። ወረቀቱን አልሰጠኋትም። ብሰጣት አላውቅም ብላ እጇን መያዝ ትችል ነበር። የ«ሲሊ»ን መሳቢያ ስቤ አወጣሁና፣ ሁሉም እያዩ፣ ወለሉ ላይ ገለበጥኩት።

ካርዱ ተበተነ። ምሁራኑ ጫማቸው እንዳይነካው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። እሷ ግን «እንዴ!» ብላ ተንበረከከች። ማንንም አላየችም። ቀና ሳትል ትለቅማለች፣ ስትለቅም እጇ ይደረድራል፤ «ብፁዕ»፣ ቀጥሎ «የዋህ»፣ ቀጥሎ «ምስኪን»፣ ቀጥሎ «ደካማ»፣ መጨረሻ ላይ «ጅል»። ከብፁዕ ተነሥቶ ጅል ላይ የደረሰ ቃል ነው፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ብዙ ዘመድ ነበረው።

አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ። «ዓመቱ ሳይጻፍ ተራውን በምን ያውቁታል?»

«ሰው የልጆቹን ታላቅና ታናሽ ወረቀት ላይ አይቶ ነው እንዴ የሚያውቀው?»

«ከእርስዎ ሌላ እንዲህ የሚችል አለ?»

«እሱ ይችል ነበር። እነዚህ…» ወደ ምሁራኑ ጫማዎች አየችና ቃል አልጨረሰችላቸውም።

ያን ጊዜ እውነተኞቹን የ«ናይስ» ካርዶች ከፊቷ ዘረጋሁ። ጠብታዎቹን በጣቴ አሳየኋት። «ዋና አዘጋጁ ሲሞት እነዚህ ካርዶች ወለሉ ላይ ነበሩ። በሞተበት ቀን ‹ደስ የሚል›ን ከፊት አድርጎ ነበር የተዋቸው። ከሞተ በኋላ አንድ ሰው ለቅሞ፣ ከጥንታዊው ጀምሮ፣ አንድም ሳይሳሳት በጭንቅላቱ ደርድሯቸዋል። ልጁ አልቻለም። ምክትሉ አልቻለም። ማንም አልቻለም።»

ካርዶቹን አየች፤ እኔን አየች። ፍርሃት የለባትም፤ አንድ የማይገባው ተማሪ እንደገጠማት አስተማሪ ተናዳለች።

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አለች። «መሬት ላይ ልተዋቸው?»

ጣቢያ ውስጥ ስታወራ ድምፏ አልተንቀጠቀጠም። አሳታሚው ለሟቹ ደውሎለታል። ሰው «ናይስ» ብሎ ገልጦ መጀመሪያ «ሞኝ» የሚል ካየ መጽሐፉን ይዘጋዋል፤ የዛሬውን ከፊት አድርጉት ብሎታል። ሟቹም እሺ አለ። እሷ የሰማችው አመሻሽ ላይ መሳቢያውን ስባ ተገልብጦ ስታገኘው ነው።

«ለምን ብዬ ጠየቅሁት» አለች። «‹ማን ያነበዋል ብለሽ ነው› አለኝ። እየሳቀ። ‹እስካሁንም ዝም ያልኩት አንቺን እንዳላስከፋ ነው› አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት እኔን ላለማስከፋት ኖሯል። ይህን ብሎኝ ጀርባውን ሰጠኝ። መሳቢያው እጄ ላይ ነበር።»

«የእህቱ ልጅ መታሰሩን ሰምተዋል?»

«ሰምቻለሁ።»

«በግድያ ሊከሰስ መሆኑንም?»

«ሰምቻለሁ።»

«ዝም አሉ?»

«ሲተይብ ግድፈት ያበዛ ነበር» አለች።

እውነቷን ነው የምትናገረው፤ ለእሷ በቂ ምክንያት ነው። ወንበሬን ገፍቼ ወጣሁ።

ኮማንደሩ ኮሪደሩ ላይ ለጋዜጠኞች ሲያስረዳ ደረስኩ። ከመጀመሪያው ጀምሮ ልጁን እንዳልጠረጠረ፣ ያሰረውም ለደኅንነቱ እንደሆነ ይናገራል። ምክትሉም መጥቷል፤ ልጁ ከሰኞ ጀምሮ ወደ ሥራ ይመለስለት እንደሆነ ሊጠይቅ። አዲሱን ቅደም ተከተል የሚተይብለት ሰው ቸግሮታል። ሳጅኑ በትከሻው ገፋ አድርጎ ወደ በሩ አሳየው።

ልጁን እኔ ራሴ አወጣሁት። እናቱ ከአግዳሚው ወንበር ተነሡ። አላለቀሱም፣ አልጮኹም። የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከሉለት፤ ካቴናው ያሻከረውን አንጓ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«እማዬ፣ አጎቴን ቀበራችሁት?»

«ያለ አንተ ማን ይሸከመዋል?»

ልጁ ያኔ ነው ያለቀሰው። እኔ ትንሽ ራቅ ብዬ ቆምኩ። ምስጋና እየጠበቅሁ ነበር፤ መደበቅ አያስፈልግም። ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አጥቼ፣ ኮማንደሩን ተጋፍቼ፣ ጭንቅላቴን አሠርቼ ልጃቸውን አስፈትቻለሁ። ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ ነሽ ያሰርሽው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«አንቺው ነሽ የፈታሽው?»

«አዎ።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። እኔ ምክትሉንም፣ ምሁራኑንም፣ ኮማንደሩንም ያየሁበት ዓይን ነው።

«ታዲያ ምን ሠራሽ?» አሉኝ። የልጃቸውን ክንድ ይዘው ወደ አስከሬን ክፍሉ ሄዱ።